ሙቀቱ ነው ወይስ እኛ ነን?



በዛሬው ዓምዳችን ስለ ባጃጅ ሞተር ሙቀት እንነጋገራለን። «ይህ የጋራዥ ወሬ እንጂ የቤተሰብ መጽሔት ጉዳይ ነው ወይ?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ነገር ግን በድሬዳዋና እርሷን በመሳሰሉ የቆላ ከተሞች ስንት ቤተሰብ በሦስት ጎማ እንደሚተዳደር የሚያውቅ ሰው ይህን አይልም። የዕለት ጉርሱ፣ የቤት ኪራዩ፣ የልጆች ደብተር የሚገዛው ከዚያች ትንሽ ሞተር ነው።

በአንድ የሰኔ ቀን፣ ፀሐይ አናት በሚበሳበት ሰዓት፣ ከመጋላ ወደ ሳቢያን በባጃጅ እንጓዝ ነበር። ደቻቱን ተሻግረን ብዙም ሳንርቅ የሞተሩ ድምፅ ተለወጠ፤ ጉልበት አጣ፤ ከዚያም ቀጥ አለ። ሾፌሩ ወጣት ወንድማችን ላቡን እየጠረገ «ሙቀቱ ነው፤ የአላህ ቀደር ነው፤ ምን ይደረጋል?» አለን። ባጃጁ የእርሱ አልነበረም። ባለቤታቸው የሞቱባቸው አንዲት እናት ለየቲም ልጆቻቸው ማሳደጊያ የገዙት ነው።

ጋራዥ ሲከፈት ፒስተኑ ሲሊንደሩን ነክሶ ተገኘ። መካኒኩ ሦስት ነገር አሳየን፤ ዘይቱ ከምልክቱ በታች ወርዷል፤ የሞተሩ ክንፎች በዘይትና በአቧራ ጭቃ ተደፍነዋል፤ የሞተሩ የአየር መሸፈኛ የለም። ወጣቱ መሸፈኛውን «አየር እንዲያገኝ» ብሎ ራሱ ነበር አውልቆ የጣለው።

ውድ ወጣቶች! በቀደር ማመን ከኢማን መሠረቶች አንዱ ነው። ሰበቡን ሳያደርሱ ጥፋትን በቀደር ማሳበብ ግን ሌላ ነገር ነው። በግንቦትና በሰኔ የድሬዳዋ ሙቀት ከቀትር በኋላ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። ሞተሩ ግን ይህን ሙቀት እንዲችል ተደርጎ የተሠራ ነው፤ የሚያሸንፈው ሙቀቱ ከቸልተኝነት ጋር ሲተባበር ነው። እንዴት?

በአገራችን በብዛት የምናያቸው ባጃጆች ሞተር በአየር የሚቀዘቅዝ ነው። ሞተር ሳይክል ሲሄድ ነፋሱ በቀጥታ ሞተሩን ያገኘዋል። የባጃጅ ሞተር ግን ከተሳፋሪው ኋላ ተደብቆ ስለሚቀመጥ ነፋስ በወጉ አይደርሰውም። ስለዚህ ከሞተሩ ጋር አብሮ የሚዞር ቬንቲሌተር ተገጥሞለታል። መሸፈኛው የቬንቲሌተሩን አየር ሰብስቦ በክንፎቹ መካከል እንዲያልፍ ያስገድደዋል። መሸፈኛው ሲወልቅ አየሩ በየአቅጣጫው ይበተናል፤ ሞተሩም ይታፈናል። አየር ሰጠሁ ያለው ወንድማችን አየር ነፈገው ማለት ነው። መሸፈኛው በቦታው ይሁን፤ ክንፎቹም ሞተሩ በቀዘቀዘበት ሰዓት በብሩሽ ይጠረጉ። የአየር መግቢያውን በዕቃና በሸራ መዝጋትም አይገባም።

ሁለተኛው ዘይት ነው። አየር የማይደርስበትን የፒስተንን ሙቀት ተሸክሞ የሚያወጣው ዘይት ነው። በየማለዳው ሞተሩ ሳይነሳ፣ ባጃጁን ለጥ ባለ ቦታ አቁሞ መጠኑን ማየት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ዓይነቱና የመቀየሪያው ጊዜ የፋብሪካው መመሪያ እንደሚያዘው ይሁን፤ «ገና ነው» እያሉ ማስረዘም ቁጠባ አይደለም።

ሦስተኛው አነዳድ ነው። ቬንቲሌተሩ የሚዞረው በሞተሩ ፍጥነት ልክ ነው። ዳገት ላይ ወይም ጭነት ሲበዛ በከባድ ማርሽ እያቃሰተ የሚሄድ ሞተር ሙቀቱ ይጨምራል፤ ቬንቲሌተሩ ግን ቀስ ብሎ ይዞራል። ማርሽ መቀነስ ሞተሩን ያሳርፈዋል። ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር አምስት ሰው መጫንማ ሞተሩን ብቻ ሳይሆን የሰውንም ነፍስ አደጋ ላይ ይጥላል። ነፋሱ የጎደለ ጎማና የሚይዝ ፍሬንም ሳይታዩ ጭነት ይሆናሉ። «ነዳጅ እንዲቆጥብ» ተብሎ ካርቡሬተሩ ከልክ በላይ ሲጠብ ደግሞ ሞተሩ ይበልጥ ይግላል፤ ካንዴላው ሲፈታ ነጭ ሆኖ መታየቱ አንዱ ምልክት ነው።

ጉልበት ሲቀንስ ወይም የተቃጠለ ዘይት ሽታ ሲመጣስ? ወደ ጥላ ወጣ ብሎ ተሳፋሪን ማውረድ፤ ሞተሩ ቬንቲሌተሩን እንዲያዞር ለጥቂት ጊዜ በሚኒሞ መተው፤ ከዚያ ማጥፋት ነው። የዘይት መብራት ከበራ ወይም የብረት መንኳኳት ከተሰማ ግን ወዲያውኑ ይጥፋ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት ፈጽሞ አይገባም፤ ብረቱ በድንገት ሲኮማተር ይጣመማል፣ ይሰነጠቃልም።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ቀድሞ ማሳረፍ ነው። የዙህር ሰላት ወቅት ፀሐይ ከምትበረታበት ሰዓት ጋር ይገጥማል። ባጃጁን ጥላ ሥር አቁሞ፣ ሰላትን በጀመዓ ሰግዶ፣ ምሳ በልቶ ትንሽ ቀይሉላ ያደረገ ወጣት ለነፍሱም፣ ለአካሉም፣ ለያዘው ንብረትም ሐቁን ሰጠ።

ወደ ታሪካችን እንመለስና፣ ወጣቱ እናትየው ዘንድ ሄዶ ስለ ሙቀቱ ሊያወራ አስቦ ነበር። አፉ ግን እምቢ አለው። «እማማ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፤ ዘይቱንም አላየሁም፣ መሸፈኛውንም ያወለቅሁት እኔ ነኝ» አላቸው።

እናትየው ዝም ብለው ቆዩና «ልጄ፣ ዙህር ላይ ታሳርፈው ነበር?» ብለው ጠየቁት።

«ካሳረፍኩት የርስዎ የዕለት ገቢ አይሞላልኝም» አለ።

ይህን ጊዜ እርሳቸውም አንገታቸውን ደፉ። በመጨረሻ እርሱ የጥገናውን ግማሽ ቀስ በቀስ ሊከፍል፣ እርሳቸው ደግሞ በሙቀት ወራት ገቢውን ሊቀንሱለትና ከዕለቱ ላይ ለዘይትና ለጥገና ጥቂት ሊያስቀምጡ ተስማሙ።

እንግዲህ የባጃጅ ባለቤቶች ሆይ! ዕረፍት የማይተው ገቢ የምትጠይቁ ከሆነ ሞተሩን ከሾፌሩ ጋር አብራችሁ እያቃጠላችሁት ነው። ሾፌሮች ሆይ! በእጃችሁ ያለው የሰው ንብረት አማና ነው፤ የየቲም ሲሆን ደግሞ ሒሳቡ ይከብዳል። ነገ ማለዳ ቁልፉን ከማዞራችሁ በፊት ቢስሚላህ በሉና ዘይቱን እዩ።

አላህ ሪዝቃችንን ሐላልና በረካ ያለው ያድርግልን፤ አሚን።