ቴስታታ ሳያስፈትሹ መግዛት ይብቃ

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም ከተከለከለ ወዲህ አሮጌ ሞተር በቀላሉ የሚጣል ነገር መሆኑ ቀርቷል። በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብር አልፏል። ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫም የዚያን ያህል ራቀ። እንግዲህ ያለውን መኪና አድሶ፣ ከተቻለም ጉልበት ጨምሮለት መንዳት የብዙ ባለመኪና ምርጫ ቢሆን የሚያስገርም አይደለም። የሚያስገርመው ይህ ሁሉ ወጪ ሊያርፍበት የሚገባው ቴስታታ በዓይን ብቻ ታይቶ የሚገዛ መሆኑ ነው።

ሶማሌ ተራ ለሚሄድ ገዢ ምርጫው ሦስት ነው። አንዱ ከነማሸጊያው የመጣ የፋብሪካው አዲስ ዕቃ ሲሆን፣ የአብዛኛውን ሰው አቅም አይጠብቅም። ሁለተኛው አዲስ ሆኖ የሠራው ፋብሪካ በውል የማይታወቅ ነው። ሦስተኛው ከተፈታ መኪና የወጣ ያገለገለ ዕቃ ነው። (ሦስቱም “ኦሪጅናል” ይባላሉ፤ በተራው ውስጥ ይህ ቃል የማይለጠፍበት ዕቃ የለም።)

በጀቱ ጠባብ የሆነ ገዢ አብዛኛውን ጊዜ እጁ የሚሄደው ወደ ሁለተኛው ነው። ያብለጨልጫል፣ ቅባቱ ገና አልተነካም፣ ዋጋውም ይቀላል። ነገር ግን የቴስታታ ጥራት የሚታየው ላዩ ላይ አይደለም። ብረቱ ሲፈስ ውስጡ አረፋ ቀርቶበት እንደሆነ፣ የቫልቭ መቀመጫዎቹ በልካቸው ተጠርበው እንደሆነ፣ የውሃ መተላለፊያው ክፍት መሆኑ ሁሉ የሚታወቀው ሞተሩ ሲሞቅ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ የመካኒኩ ዋጋ ተከፍሏል፣ ጓርኒሲዮኑም ታስሯል። ያገለገለው የፋብሪካ ቴስታታ ቢያንስ ለዓመታት ሙቀትና ብርድ ተፈራርቆበት ያለፈ ነው። ተፈትሾ ስንጥቅ ከሌለው፣ ስም ከሌለው አዲስ ዕቃ መቅደም አለበት።

ፍተሻው የተራቀቀ ነገር አይፈልግም። የውሃ መንገዶቹ ተዘግተው በግፊት አየር ይሞላል፤ ሙቅ ውሃ ውስጥ ሲነከር አረፋ ከወጣ ተሰንጥቋል ማለት ነው። ፊቱ ላይ ቀጥ ያለ ብረት ተጋድሞ በስስ መለኪያ ሲታይ፣ ለብዙ ትንንሽ ሞተሮች የተፈቀደው መጣመም ከ0.05 እስከ 0.10 ሚሊሜትር ነው። ከዚህ ካለፈ ቶርኖ ቤት ሄዶ መላግ ይኖርበታል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቴስታታ ሲላግ ኮምፕሬሽን ስለሚጨምር “ትንሽ ጨምረህ ላገው፣ ይጎትታል” ማለት ተለምዷል። ሒሳቡ ውሸት አይደለም። በኮሮላ መኪኖች ላይ የምናውቀው 1.6 ሊትሩ 4ኤ-ኤፍኢ ሞተር ኮምፕሬሽኑ 9.5 ነው፤ ግማሽ ሚሊሜትር ቢላግ ወደ 10 ይጠጋል። አዲስ አበባ ላይ ይህ ጥቅም አለው። ከተማዋ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ ተርቦ የሌለው ሞተርም ከጉልበቱ አምስት አንድ እጅ በላይ ያጣል። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ ከፍ ያለ ኮምፕሬሽን ሳያንኳኳ ይችላል።

መኪናው ግን ሁልጊዜ ቦሌና ፒያሳ አይውልም። አዋሽ ሲወርድ ከፍታው ወደ 1,000 ሜትር ይጠጋል፣ ጅቡቲ መንገድ ላይ ከሆነም እስከ ባሕር ወለል ድረስ ይወርዳል። እዚያ አየሩ ይወፍራል፣ ሙቀቱም ይጨምራል። አዲስ አበባ ላይ ደህና የነበረው ሞተር ሸክም ሲይዝ ማንኳኳት ይጀምራል፤ ፒስቶን የሚበላውም ያ ድምፅ ነው። በዚህ ላይ ካምሻፍቱ ቴስታታው ላይ ያለ ሞተር ሲላግ የቫልቮቹ ጊዜ ይዛነፋል። በናፍጣ ሞተር ላይ ደግሞ በቫልቭና በፒስቶን መካከል ያለው ክፍተት እጅግ ጠባብ ስለሆነ፣ መላግ አደጋው ከጥቅሙ ያይላል። ለብዙ ናፍጣ ሞተሮች ጓርኒሲዮን በተለያየ ውፍረት የሚሠራው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ውፍረቱን ሳይጠይቅ የሚገዛ ባለመኪና ግን ጥቂት አይደለም።

ጉልበት ለሚፈልግ ሰው ገንዘቡ የተሻለ ሥራ የሚሠራው ቫልቭና መቀመጫው ላይ ነው። መቀመጫዎቹ በልክ ተጠርበው ቫልቮቹ በደንብ ሲገጥሙ፣ ያረጁት የቫልቭ መምሪያዎች ሲቀየሩ፣ በአየር ማስገቢያው ጉሮሮ ላይ ከፋብሪካ የቀረው የብረት ጠርዝ ሲነሳ፣ ማኒፎልዱና ጓርኒሲዮኑ ከቀዳዳው ጋር ሲስተካከሉ ሞተሩ የጠፋበትን ጉልበት ይመልሳል። ይህ ሥራ ስለማይታይ ለጓደኛ አያስወራም። ማርሚታ አውጥቶ ከማስጮህ ግን ይሻላል።

ቴስታታውን ጨርሶ በሌላ መለወጥ የሚያምራቸውም አሉ። በውጭ አገር የቶዮታ ወዳጆች ዘንድ የታወቀው ብልሃት በ1.8 ሊትሩ 7ኤ-ኤፍኢ ብሎክ ላይ የ4ኤ-ጂኢን ቴስታታ ማሰር ነው። የመጀመሪያው ቫልቮቹ በ22 ዲግሪ ገደማ ጠባብ ማዕዘን የቆሙ፣ ለነዳጅ ቁጠባ የታሰበ ነው። ሁለተኛው በ50 ዲግሪ የተከፈተ፣ አየር በሰፊው የሚስብ ነው። ነገር ግን ፒስቶኑ፣ ቀበቶው፣ ማኒፎልዱና ኮምፒዩተሩ አብረው ይለወጣሉ። ዕቃው በየተራው ለማይገኝበት ገበያ ይህ በርካሽ የሚጀመር፣ በውድ የሚያልቅ ሥራ ነው።

የላንድክሩዘሩ 1ኤችዜድ ጉዳይ ከዚህ ይከፋል። 4.2 ሊትሩ ናፍጣ ሞተር ጠንካራ ነው፤ ዳገት ላይ ግን ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ስለዚህ ባለቤቱ ተርቦ ያስገጥምለታል። ቴስታታው ናፍጣው በመጀመሪያ የሚቀጣጠልበት ትንሽ ጓዳ ያለው በመሆኑ፣ ግፊቱና ነዳጁ ሲጨመርበት በቫልቮቹ መካከል ሊሰነጠቅ ይችላል። ቶዮታ ራሱ ተመሳሳይ መጠን ላለው ሞተር ተርቦ ሲያስገባ 1ኤችዲ-ቲ ብሎ ሌላ ቴስታታ ነው የሠራለት፤ ናፍጣው በቀጥታ ፒስቶኑ ላይ የሚረጭበት። ከፋብሪካው መሐንዲስ በላይ አውቃለሁ የሚል ጋራዥ ካለ ቢያንስ የጭስ ሙቀት መለኪያ ይግጠምለት።

ወደ ነጋዴው ስንመለስ፣ “አንዴ የታሰረ አይመለስም” የሚለው ደንብ ለሻጭ ብቻ ያደላ ነው። ሻጩም የሚለው አለው፤ መካኒኩ ብሎኖቹን በቅደም ተከተልና በልክ ሳያጠብቅ፣ ወይም ራዲያተሩ ተደፍኖ እያለ ሞተሩን አፍልቶ ቢያበላሽ ዕዳው የሱ ሊሆን አይገባም። መፍትሔው ግን ቴስታታው ከመታሰሩ በፊት መፈተሹ ነው። ገዢ ቀብድ ይክፈል፣ ዕቃው ቶርኖ ቤት ሄዶ በግፊት ይፈተሽ፣ ስንጥቅ ከተገኘ ቀብዱ እንደሚመለስ ደረሰኙ ላይ ይጻፍ። የፍተሻው ሒሳብ በገዢው ላይ ቢሆን እንኳ ሞተር ሁለት ጊዜ ከማስወረድ ይቀላል። በዚህ የማይስማማ ሻጭ ስለ ዕቃው የሚያውቀው ነገር አለ ማለት ነው፤ ገዢውም ቀጥሎ ያለውን ሱቅ ይጠይቅ።