ክላሽ ያነገበ ጀግና፣ ሰንጢ የያዘ ዱርዬ?

ሰንጢ የያዘ ሁሉ ዱርዬ ነው ይሉኛል። እንዲህ የሚሉኝ ሰዎች የጆንያ ስፌት በጥርሳቸው የሚተረትሩ፣ ካርቶን በቤት ቁልፍ የሚቀዱ፣ ሸንኮራ ሲገዙ ሻጩን «እባክህ ቆራርጥልኝ» እያሉ የሚለማመጡ ናቸው። ኪሴ ውስጥ ከጣት የማትረዝም ታጣፊ ስለት ሲያዩ ግን ፊታቸው ይለዋወጣል። እንደ አክስት የማከብራቸው አንዲት እናት «ምነው ልጄ፣ ጠላት አለህ እንዴ?» ብለውኛል። የለኝም እትዬ። ሎሚ አለኝ፣ ሲባጎ አለኝ፣ ተረከዜ ውስጥ የተሰበረ እሾህ አለኝ።

ይህን ወቀሳ ሌላ አገር ብሰማው ባልከፋኝ። የሚቆጨኝ በጎንደር ምድር መስማቴ ነው። በእኛ አገር ክላሽ አንግቦ ሠርግ መሄድ ወግ ነው። ተዝካር ላይ፣ ገበያ ላይ፣ አንዳንዴም የቤተ ክርስቲያን ዐጸድ ሥር አፈሙዝ ከሰው ራስ በላይ ተደርድሮ ይታያል። በሬ ሽጦ ጠመንጃ የገዛ ሰው ሲመሰገን ሰምተን ነው ያደግነው። አንድ ቀን እንኳ «ይህ ሰውዬ ሠርግ ቤት ውስጥ በ30 ጥይት ምን ሊያደርግ ነው?» ብሎ የጠየቀ አላየሁም። በጥማድ በሬ ዋጋ የተገዛው ክላሽ ያስከብራል፤ በአንድ ምሳ ዋጋ የተገዛችው ሰንጢ ታሳፍራለች። ሰው የሚገድለው መሣሪያ ጎበዝ ያሰኛል፤ ብርቱካን የሚልጠው ዱርዬ ያሰኛል። ይህን ፍርድ ቆሞ የሚያስረዳኝ ሰው ካለ ይምጣ።

የስለትን ትክክለኛ ወግ ማየት የፈለገ ዛሪማ ይውረድ። ጣሊያን በወረራው ዘመን ከገደል ላይ በጠረበው የሊማሊሞ መንገድ ከደባርቅ ብርድ ወደ ቆላው ሙቀት ሲወረድ፣ ደጋ ላይ ጋቢ ተከናንቦ የተሳፈረ ሰው ዛሪማ ሲደርስ ጋቢውን አጣጥፎ ጭኑ ላይ አስቀምጦታል። እዚያ ኪስ ውስጥ ያለች ስለት የማንም ዓይን አትስብም፤ ሥራ ላይ ናትና። እረኛው ወይራ ቆርጦ መፋቂያ ያበጃል፤ ሸምበቆ በስቶ ዋሽንት ያወጣል። ነጋዴው አህያው ላይ የተወታተበውን የጭነት ገመድ ይበጥሳል። አራሹ የላላ ጠፍር ያስተካክላል። የግራር እሾህ ተረከዝ ውስጥ ተሰብሮ ሲቀር ደግሞ ወረንጦ ብቻውን አይደርስበትም። መጀመሪያ የሰንጢዋ ጫፍ በክብሪት እሳት ይለበለባል፤ የደነደነው ቆዳ በስሱ ይከፈታል፤ ከዚያ በኋላ ነው ወረንጦው የሚገባው። ይህን በሌላ ሰው እግር ላይ የሚሠራ እጅ መንቀጥቀጥ የለበትም። ሲሠራም አይቻለሁ፣ ተሠርቶልኝም አውቃለሁ።

ቅዱስ ነገር ለሚፈልግም አለኝ። የቁም ጽሕፈት ተማሪ መቃውን አሹሎ፣ አፉን ሰንጥቆ ብዕር የሚያደርገው በስለት ነው። ብራናው የሚፋቀውም፣ በልክ የሚቀደደውም በስለት ነው። በየደብሩ በክብር ተሸፍኖ በተቀመጠው የብራና መጽሐፍ ውስጥ ስለት ያልነካው ቅጠል አንድም የለም። እነዚያ ጸሐፊዎች ሁሉ ዱርዬ ነበሩ?

ሰንጢዬን አንድ መናኸሪያ በር ላይ በፍተሻ ተቀምቻለሁ። ፈታሹ ወጣት ከፍቶ አያት፤ «ለምንህ ነው?» አለኝ። ለብርቱካን አልኩት። ሳቀና እግሩ ሥር ወዳለው ጆንያ ወረወራት። ከኋላዬ የተሰለፈው ወደ ሰሊጥ ማሳ የሚወርድ የቀን ሠራተኛ ክንዱን የሚያህል ማጭድ በጨርቅ ጠቅልሎ ይዞ ነበር፤ እሱ አለፈ። ማለፉ ደግ ነው፤ ማጭዱ እንጀራው ነው። ግን በዚያች ሰዓት ስለት አልተለካም፤ ወሬ ነው የተለካው። ማጭድ የገበሬ ነው ተብሏል፣ አለፈ። ሰንጢ የዱርዬ ናት ተብሏል፣ ቀረች።

በሰንጢ ሰው ተወግቶ አያውቅም ብዬ አልከራከርም። ተወግቷል፤ እናት አልቅሳለች። ነገር ግን ሰው ለመውጋት የቆረጠ ሰው እናቱ ሽንኩርት የምትከትፍበትን ቢላ ከወጥ ቤት ያወጣል። ያጣ እንደሆነ ድንጋይ ያነሳል። የሚያስፈልገው ሕግ የሥራ ስለትን ከጠብ ስለት የሚለይ ነው፤ ይህም ይቻላል። በጩቤ ወንጀል እንቅልፍ ያጣችው ብሪታንያ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጣችው ሕግ፣ ስለቷ ከ3 ኢንች ማለትም ከ7 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ የማትበልጥና የማትቆለፍ ታጣፊ ሰንጢን ያለ ምንም ምክንያት በኪስ መያዝን አልከለከለችም። ማስመሪያ ይዞ መለካት ይህን ያህል ይከብዳል?

ሳይለኩ መቀማት ምን እንደሚያስከትል ጃፓን አይታዋለች። ሚኪ በምትባለው ከተማ ሂጎኖካሚ የሚሏት ርካሽ ታጣፊ ሰንጢ ትሠራ ነበር፤ የታጠፈ የናስ ወይም የብረት እጀታ፣ አንድ ማጠፊያ፣ አንድ ስለት፣ አለቀ። የትምህርት ቤት ልጅ ሁሉ እርሳሱን የሚቀርጸው በእሷ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1960 የሶሻሊስት ፓርቲው መሪ ኢነጂሮ አሳኑማ መድረክ ላይ ንግግር እያደረጉ ሳለ አንድ የ17 ዓመት ወጣት ገደላቸው። የገደላቸው በአጭር ሰይፍ ነው። ከዚያ በኋላ ግን በአገሪቱ ልጆችን ከስለት የማራቅ ዘመቻ ተነሳና ሰንጢዋ ከየቦርሳው ወጣች። ሠሪዎቹ አንድ በአንድ ዘጉ። ዛሬ ያንን ስም ይዞ የሚሠራው አንድ ቤተሰብ ብቻ ነው። ሰይፍ ባጠፋው የእርሳስ መቅረጫ ተቀጣ፤ ልጆቹም በእጃቸው የሚያውቁትን አንድ ሙያ አጡ።

አሁን ወደ ራሴ ቤት ልምጣ። ሰንጢ እሰበስባለሁ። ሰብሳቢ ሲባል መስታወት ውስጥ የተደረደረ፣ እጀታው በዝሆን ጥርስ የተለበጠ፣ ዋጋው የጋሪ ፈረስ የሚገዛ ስለት የሚመስለው ሰው አለ። እንዲህ ያለውን ስብስብ እንቀዋለሁ። ሽንኩርት ነክቶ የማያውቅ ቢላ የሬሳ ሣጥን ውስጥ ነው ያለው። የእኔ ሣጥን ውስጥ ሥራ ፈት የለም፤ የሥራ ሰው ያልገዛው ስለትም የለም። ኦፒኔል አለኝ፣ ከፈረንሳይ ዘመድ ያመጣልኝ። ጆሴፍ ኦፒኔል እ.ኤ.አ. በ1890 በሳቮይ ተራሮች ለገበሬዎች የሠራት ናት፤ የእንጨት እጀታ፣ ስስ ስለት፣ ሌላ ጣጣ የላትም። ዱክ ዱክ አለኝ፤ ይህችም የፈረንሳይ ናት፣ እ.ኤ.አ. ከ1929 ጀምሮ ቲዬር ከተማ የምትሠራ፣ እጀታዋ አንድ የታጠፈ ቆርቆሮ፣ ሰሜን አፍሪካን ያጥለቀለቀች። ኦካፒ አለኝ። ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1902 ለአፍሪካ ቅኝ ግዛቶቻቸው ገበያ መሥራት የጀመሯት፣ እ.ኤ.አ. ከ1988 ወዲህ ደግሞ በደቡብ አፍሪካ የምትሠራ ናት። በዚያም አገር ገበሬው ኪስ ውስጥ ኖራ ሳለ የወሮበላ ዕቃ የሚል ስም ተለጥፎባታል። የእኛው ወሬ ነው፣ ቋንቋው ብቻ ተለውጧል።

እነዚህ ሁሉ ርካሾች ናቸው። ርካሽ ማለት ግን የወደቀ ማለት አይደለም። የወደቀውን ማየት ከፈለጋችሁ ሱቅ በደረቴውን አስቁሙ። የራስ ቅል የተሳለበት፣ ቀለሙ የሚያብረቀርቅ፣ ቁልፉን ሲነኩት «ቀጭ» ብሎ የሚዘረጋ ሰንጢ ያሳያችኋል። የሚገዛው ለድምፁ ነው፤ ለድምፁ የገዛውም ጎረምሳ ለማስፈራራት እንጂ ለመላጥ አልገዛውም። አንድ ሳምንት ሽንኩርት ክተፉበት፤ ስለቱ ይተኛል፣ ማጠፊያው ይወላገዳል፣ እንደ ሞረዳችሁት ይደንዛል። ስማችንን ያጠፋው እሱ ነው። አንድ ጤነኛ ሰንጢ የሚዝግ ብረት ይኑራት፤ ግድ የለም፣ ይዛግ። ማታ በደረቅ ጨርቅ ጠርጎ የኑግ ዘይት ማስነካት ነው። ሎሚና ሥጋ እየነካት ስትጠቁር ያ ጥቁረት ራሱ ከዝገት ይከላከልላታል። በምላሹ ወንዝ ዳር ባገኛችሁት ለስላሳ ድንጋይ ስትስሏት ፀጉር የሚላጭ ስለት ትሰጣችኋለች።

ከሁሉም የምወዳት ግን ባሕር ተሻግራ አልመጣችም። ዛሪማ ላይ አንድ አዛውንት ባለ እጅ ከተሰበረ የአይሱዙ ባሌስትራ የሠሩልኝ ናት። ሥራቸው ቢላ፣ ማጭድና ማረሻ ነው፤ ታጣፊ ሥሩልኝ ስላቸው ሳቁና ወናፉን አስነፉ። ብረቱ ከሰሉ ውስጥ ሲቀላ በጉጠት አውጥተው ወደ ጥላ ያዞሩታል፤ ፀሐይ ላይ የብረት ቅላት ይዋሻል። ቀጥቅጠው አሳሱት፤ መልሰው አጋሉት፤ ከዚያ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ውስጥ ነከሩት። እንዲሁ ቢተዉት እንደ ጠርሙስ ይሰባበራል። ስለዚህ እንደገና በስሱ አሙቀው ገላው ላይ የገለባ መልክ ብቅ ሲል ከእሳት አራቁት። ማጠፊያው ሚስማር ነው፣ ራሱ በመዶሻ የተጠፈጠፈ። እጀታው የበሬ ቀንድ። ቴርሞሜትር የለ፣ ካልኩሌተር የለ፤ ዓይንና እጅ ብቻ። የጠየቁኝ ዋጋ ከአንድ ኪሎ ሥጋ ያነሰ ነበር። ወናፍ የሚነፋው ልጃቸው ግን ሙያውን እንዲወርስ እንደማይፈልጉ ነገሩኝ። ምክንያቱን ማስረዳት አላስፈለጋቸውም። ሁላችንም እናውቀዋለን።

«ቡዳ» ነው ምክንያቱ። ቀን ማረሻ የቀጠቀጠልንን ሰው ማታ ጅብ ሆኖ ይዞራል አልን። ማጭዱን ወሰድን፣ ልጃችንን ከለከልን። በሠራው ቢላ ፍሪዳ አረድን፣ ከማዕዳችን አራቅነው። ስለቱን ዱርዬ ያልነው ቆይተን ነው፤ አስቀድመን ሠሪውን ሰው አይደለም ብለነዋል። ሰንጢ ላይ ያለን ጥላቻ ከዚያ ከአሮጌው ንቀት የተወለደ ነው።

በጎንደር ይህ ንቀት ስም አለው፣ ዓመተ ምሕረትም አለው። ኢትዮጵያውያን አይሁዶች የሆኑት ቤተ እስራኤል ርስት ተነፍገው ብረትና ሸክላ እንጀራቸው ሆነ። የምንኮራባቸው የጎንደር ግንቦች ሲቆሙ ከሠሩት እጆች መካከል የእነሱም እጅ ነበረበት። ከዚሁ ከቋራ የተነሱት ዐፄ ቴዎድሮስ ብረት ለሚያቀልጥ እጅ ምን ያህል እንደጓጉ አገር ያውቃል። ጋፋት ላይ ነጭ ሚስዮናውያንን ሰብስበው ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አሠሩ፤ ያ 7 ቶን የሚገመት መድፍ እስከ መቅደላ በሰው ትከሻና በገመድ ተጎተተ። ጎታቹ ሕዝብ ግን እደጁ ያለውን ቀጥቃጭ ቡዳ ማለቱን አልተወም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መሳደብ የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። አዋጁ ተነገረ፣ ስድቡ ቀጠለ። በ1977 ዓ.ም. በዘመቻ ሙሴ፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ በዘመቻ ሰሎሞን ቤተ እስራኤል አገር ለቀው ሄዱ። በሁለተኛው ብቻ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ወጣ። ከጎንደር ወጣ ብላ ባለችው ወለቃ ዛሬ ጎብኚ የሸክላ ምስል ገዝቶ ፎቶ ተነስቶ ይመለሳል። የብዙዎቹ ወናፎች ትንፋሽ ግን ከባለቤቶቻቸው ጋር ሄዷል። ከዚያ ወዲህ ገበያችንን የሞላው የሚያብረቀርቅ ቆርቆሮ ሲሰበርብን ቻይናን እንረግማለን። ቻይና ምን አደረገችን? ባዶ ቦታ አገኘች፣ ገባች። ቦታውን ባዶ ያደረግነው እኛ ነን።

ስለዚህ የምጠይቀው ግልጽ ነው። በር ላይ የቆማችሁ ፈታሾች፣ ማስመሪያ ያዙ፤ ለኩ፤ የሥራ ስለት ለባለቤቱ መልሱ። ወላጆች፣ ልጃችሁ እርሳሱን በስለት ይቅረጽ፤ ከራስ ወደ ውጭ መቁረጥን፣ አጥፎ ማስቀመጥን፣ እጀታውን አስቀድሞ ማቀበልን አስተምሩት። ስለት አያያዝ ከአባቱ የተማረ ልጅ ለማስፈራራት አይመዘውም፤ የሚመዘው ከሱቅ በደረቴ ለድምፁ የገዛው ነው። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች፣ ዲግሪ የሌላቸውን እኒያን አዛውንት መምህር አድርጋችሁ ቅጠሩ፤ የብረትን መልክ በጥላ የሚያነብ ሰው በወረቀት አታገኙም። እኔን መሰል ሰብሳቢዎች፣ ከፈረንሳይ የሚመጣውን ከመጠበቃችሁ በፊት ሰፈራችሁ ያለውን ባለ እጅ አሠሩ፤ ስትከፍሉም የጠየቀውን ሳይሆን የሚገባውን ክፈሉ።

ይህን ሁሉ አልሰማም፣ ሰንጢ የዱርዬ ነው፣ ቀጥቃጭም ቡዳ ነው የሚል ካለ መብቱ ነው። ግን እንግዲያ ቃሉን ያክብር። ማረሻውን ለባለ እጁ ይመልስ፣ ማጭዱን ይመልስ፣ ቢላውንም ይመልስ። ለፋሲካ በሬ ሲጣል ደግሞ ከእኛ እኩል ይቀመጥና ቁርጡን በጥርሱ ይዘንጥል።