የወገቤ ፎቶና ወገቤ

ሦስት ወር ሙሉ ጫማዬን ያሰረችልኝ የአሥር ዓመት ልጄ ናት። ጠዋት ቦርሳዋን ጀርባዋ ላይ እንዳዘለች እግሬ ሥር ቁጢጥ ትልና ክሩን ሁለቴ ቋጥራ፣ "አባዬ፣ ጠበቀ?" ትለኛለች። እኔ የወንበሩን መደገፊያ ይዤ እንደተገተርኩ ነኝ። ጎንበስ ማለት ቀርቶ አንገቴን ደፍቼ ወደ ታች ማየት እፈራ ነበር።

ነገሩ የመጣው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ጠፍቶ የሰነበተው ውሃ ሌሊት መጥቶ ነበርና፣ ባለ 20 ሊትሩን ጀሪካን ከግቢው ቧንቧ ወደ ማድቤት ላስገባ ብድግ ሳደርገው ወገቤን ጨምድዶ ያዘኝ። ላብ አጠመቀኝ። እንዳጎነበስኩ ግድግዳ እየዳበስኩ ገባሁ። እናቴ፣ "ብርድ ነው ልጄ፤ ብርድ ገብቶብህ ነው" ብላ በመቀነቷ ጠፍራ አሰረችኝ። ጎረቤቴ ኩላሊት ነው አለ። የመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ የሚያውቀውን ወጌሻ ስልክ ሰጠኝ። ሁሉም ከልባቸው ነው። እኔ ግን እርግጡን የሚነግረኝ ፎቶ ብቻ መስሎኝ፣ ገንዘብ ተበድሬ ኤምአርአይ ተነሳሁ።

ውጤቱን ያየልኝ ሐኪም ፊልሙን ወደ መብራቱ አንስቶ ብዙም አልቆየም። "ዲስክዎ ተንሸራቷል። አከርካሪዎም አርጅቷል። ከእንግዲህ ዕቃ እንዳያነሱ፣ እንዳይጎነበሱ፤ ጣውላ ላይ ይተኙ" አለኝ። የማስታገሻ መርፌ አዘዘልኝ። ከፋርማሲ የወገብ ቀበቶ ገዝቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

"አርጅቷል" የምትለዋ ቃል ከዚያ ክፍል አብራኝ ወጣች። 47 ዓመቴ ነበር። ማታ ማታ ጣውላው ላይ ተጋድሜ አከርካሪዬ እንደ ደረቀ እንጨት ሲሰነጠቅ ይታየኝ ጀመር። ካልሲ ማጥለቅ፣ ሚኒባስ ላይ መውጣት፣ ማስነጠስ ሳይቀር የሚያስፈራ ነገር ሆነ። የስቅለት ዕለት ምእመኑ ሁሉ ሲሰግድ እኔ የቤተ ክርስቲያኑን አጥር ተደግፌ ቆሜ ዋልኩ። ሕመሙም ከፍርሃቴ ጋር አብሮ አደገ፤ መጀመሪያ ወገቤ ላይ ብቻ የነበረው ወደ ዳሌዬ ወርዶ፣ ወደ ትከሻዬም ወጣ።

በኋላ ያነበብኩትን ያኔ የሚነግረኝ ባገኝ ምንኛ በጠቀመኝ። እ.ኤ.አ. በ1994 በአሜሪካ የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት አለ። የወገብ ሕመም የሌለባቸው 98 ሰዎች ኤምአርአይ ተነሱ። በ52 በመቶዎቹ ላይ ቢያንስ አንድ ዲስክ አብጦ ተገኘ። ዲስኮቻቸው ሁሉ እንከን የለሽ ሆነው የተገኙት 36 በመቶዎቹ ብቻ ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ደህና ነን ብለው ነው የገቡት፤ ደህናም ነበሩ። የእነሱን ፊልም ይዤ ብገባ ኖሮ ያው ለእኔ የተባለው ይባልልኝ እንደነበር አልጠራጠርም።

የተገላቢጦሹም አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በጣሊያን አንዚዮ ግንባር፣ ሔንሪ ቢቸር የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ክፉኛ የቆሰሉ ወታደሮችን ማስታገሻ ይፈልጉ እንደሆነ ጠየቃቸው። አብዛኞቹ አንፈልግም አሉት፤ ያውም አጥንታቸው ተሰብሮ፣ ሥጋቸው ተቀዶ ሳለ። ቢቸር ምክንያቱን ሲያሰላስለው፣ ለእነዚያ ልጆች ቁስሉ ከጦር ሜዳ በሕይወት ወጥቶ ወደ ቤት መመለሻ መሆኑን ተረዳ።

ሕመም የቁስል መለኪያ አይደለም። አንጎል ከነርቭ የሚደርሰውን ወሬ ከሥጋቱ፣ ከትዝታው፣ ከእንቅልፍ ማጣቱ ጋር መዝኖ የሚያሰማን ጩኸት ነው። አንዴ ሌባ የገባበትን ግቢ ውሻ አስቡት። ሌባው ከሄደ ከሳምንታት በኋላም ወተት የምታመጣዋ ሴት ስታንኳኳ፣ ቅጠል ሲወድቅ፣ ነፋስ ቆርቆሮውን ሲነካው ይጮኻል። ውሻው አልዋሸም፤ ጩኸቱም የእውነት ጩኸት ነው። ሌባ ግን የለም። ብዙ የቆየ የወገብ ሕመም እንዲህ ነው። የተጎዳው ጡንቻ ወይም ጅማት ድኖ ሳለ ነርቩ ጥበቃውን አይፈታም። እኔ በዚያ ሰሞን አከራዬ ቤት ልቀቅ ብሎኝ እንቅልፍ ካጣሁ ከርሜ ነበር። ይህን የጠየቀኝ ግን አልነበረም።

ቋንቋችንም ሳያስበው በፍርሃቱ ያግዛል እላለሁ። አመመኝ፣ ወጋኝ፣ ፈለጠኝ፣ ቆረጠኝ፣ ጠዘጠዘኝ። በእነዚህ ቃላት ሁሉ አድራጊው ሕመሙ ነው፤ እኛ የሚደረግብን ነን። ስንሻል ግን "ዳንኩ" ነው የምንለው። እዚያ ላይ ባለቤቱ ራሳችን እንሆናለን።

በመጨረሻ ስለ ኑሮዬ የጠየቀችኝ አንዲት ወጣት ፊዚዮቴራፒስት ናት። ስንት ሰዓት እንደምተኛ፣ ምን እንደሚያሳስበኝ፣ ምን ማድረግ እንደናፈቀኝ ጠየቀችኝ። ስግደት አልኳት። ፊልሙን ስሰጣት አየችውና ወደ ጎን አስቀምጣ፣ "ጋሼ፣ ይሄ ሽበትዎ ያምዎታል?" አለችኝ። አያመኝም አልኳት። "ፊልሙ ላይ ያለው አብዛኛው እንደሱ ነው" አለች። ከዚያ ቀበቶውን አስፈታችኝ።

በሦስተኛው ቀጠሮ ጀሪካን ይዛ መጣች። ባዶ ነው፤ ቢጫ፣ እጀታው የተላጠ። እጄ ተንቀጠቀጠ። አሥር ጊዜ አነሳሁት፣ አሥር ጊዜ አስቀመጥኩት። በሳምንቱ ሁለት ሊትር ውሃ ጨመረችበት፤ ቀጥሎ አምስት። "ትንሽ ቢሰማዎት ተጎዱ ማለት አይደለም፤ በማግስቱ ካልባሰብዎ እንቀጥላለን" ትለኝ ነበር። በየቀኑም የእግር መንገድ አዘዘችልኝ፤ መጀመሪያ ከቤቴ እስከ አስፋልቱ አሥር ደቂቃ፣ በየሳምንቱ አምስት ደቂቃ እየተጨመረ። ይህ የእሷ ብልሃት ብቻ አልነበረም። በአውስትራሊያ ከወገብ ሕመም ያገገሙ 701 ሰዎችን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ ጥናት፣ በዕቅድ እንዲራመዱ የተደረጉት ሕመሙ እስኪመለስባቸው በአማካይ አነጋገር 208 ቀን፣ ምንም ያልተደረገላቸው ግን 112 ቀን እንደቆዩ አሳይቷል።

የዓለም ጤና ድርጅትም በታኅሣሥ 2023 (እ.ኤ.አ.) ለቆየ የወገብ ሕመም መመሪያ ሲያወጣ ትምህርትን፣ የአካል እንቅስቃሴንና የሥነ ልቦና ድጋፍን መክሯል። የወገብ ቀበቶን፣ አከርካሪን በክብደት መጎተትን፣ ከሞርፊን ወገን የሆኑ ማስታገሻዎችን ደግሞ በተለመደው ሕክምና ውስጥ አትስጡ ብሏል። ትራማዶል ከነዚህ ወገን ነው። ዲክሎፌናክም ቢሆን ለጥቂት ቀን ይረዳ ይሆናል እንጂ፣ እንደ ቡና በየቀኑ ሲወሰድ ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳል።

ሐኪም ዘንድ አትሂዱ ማለቴ ግን አይደለም። እግር እየዛለና እየከዳ ከሄደ፣ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተ፣ መቀመጫ አካባቢ ከደነዘዘ፣ ያንኑ ቀን ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ክሳት አብሮ ከመጣም መመርመር ግድ ነው፤ ቲቢ ሳንባን ብቻ ሳይሆን አከርካሪንም ይይዛልና። ካንሰር የነበረበት ወይም ከከፍታ የወደቀ ሰውም እንዲሁ። ለእነዚህ ፎቶው ሕይወት ያድናል። ከአሥር የወገብ ሕመምተኞች በዘጠኙ ገደማ ላይ ግን ይህ ነው የሚባል አንድ ምክንያት አይገኝም፤ አዲስ የያዘውም ሰው አብዛኛውን ጊዜ በስድስት ሳምንት ውስጥ እየተሻለው ይሄዳል።

የሚያሳዝነኝ ለአንድ ፎቶ የተበደርኩት ገንዘብ ለወራት የፊዚዮቴራፒ ክትትል ይበቃ እንደነበር ነው። እኔ እንኳ ደመወዝተኛ ነኝ፤ ብተኛም ጦሜን አላድርም። መርካቶ ኩንታል ተሸክሞ የሚያድረውን፣ ሽሮ ሜዳ ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ከትቶ ሲሸምን የሚውለውን፣ ምጣድ ላይ አጎንብሳ እንጀራ ጋግራ ልጆች የምታሳድገዋን እናት ግን አስቡ። ለእነሱ "ከእንግዲህ ዕቃ አታንሱ፣ አትጎንበሱ" ማለት ልጆቻችሁን አታብሉ ማለት ነው። የሚያስፈልጋቸው ወገባቸው እንደሚድን የሚነግራቸው፣ እንዴት ቀስ በቀስ እንደሚበረታ የሚያሳያቸው ሰው ነው። እንዲህ ያለ ባለሙያ በየጤና ጣቢያው ሊኖር ይገባል።

ዘንድሮ ስቅለት ሰገድኩ። እንደ ወጣትነቴ አይደለም፤ እያረፍኩ ነው። ማታ ወገቤ ደክሞት ነበር፤ ጠዋት ጫማዬን ራሴ አስሬ ወጣሁ።

ሐኪሞቻችን ሆይ፣ ፊልሙን ወደ መብራቱ ስታነሱ ያገኛችሁትን አትደብቁን፤ ይኸው ነገር ምንም ሕመም በሌለበት ሰው ላይም እንደሚታይ ግን አብራችሁ ንገሩን። እናንተም ወገባችሁን ይዛችሁ ይህን የምታነቡ፣ ከላይ ከጠቀስኳቸው ከባድ ምልክቶች አንዱም ከሌለባችሁ፣ ዛሬ ማታ እስከ ሰፈራችሁ ሱቅ ድረስ በእግራችሁ ደርሳችሁ ተመለሱ።