የሥዕል ደብተራችንን በገዛ እጃችን እንጠርዝ

ሥዕል ለመማር የሚፈልግ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው መልካም ደብተር ነው ሲባል ብዙ ጊዜ እንሰማለን። እኔም እስከ ዐሥረኛ ክፍል ድረስ እንዲሁ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ግን መልካሙ ደብተር ራሱ እጅን የሚያስር እንቅፋት ሊሆን እንደሚችል ስለ ተረዳሁ፣ ሐሳቤን ለትምህርት ቤት ጓደኞቼ ለማካፈል ይህን ጽፌአለሁ።

ታላቅ እኅቴ ከደመወዟ ቈጥባ ወፍራም ወረቀት ያለው የሥዕል ደብተር ገዝታ ሰጠችኝ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፤ ነገር ግን ገጹን እንዳላበላሽ ስለምፈራ በአንድ ዓመት ውስጥ የሣልሁበት ሦስት ገጽ ብቻ ነበር። አያቴ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ጥጥ ሲፈትሉ እጃቸውንና እንዝርታቸውን እያየሁ፣ «እጄ ሲፈታ እሥላቸዋለሁ» እል ነበር። እጄ ሳይፈታ አያቴ ዐረፉ። ደብተሩ እስከ ዛሬ ንጹሕ ነው፤ በውስጡ ግን አያቴ የሉም።

ከዚያ ወዲህ ደብተሬን የምሠራው ራሴ ነኝ። አሠራሩም ቀላል ነው። በአንድ ፊቱ ብቻ የታተመበት የኤ4 ወረቀት 20 ቅጠል እሰበስባለሁ። እያንዳንዱን፣ የታተመበት ፊት ወደ ውስጥ እንዲሆን አድርጌ፣ መካከሉን አጥፋለሁ። ቀጥሎ የታጠፈውን ጠርዝ ወደ ውጭ፣ ክፍቱን ጠርዝ ወደ ጀርባው አድርጌ እደረድርና፣ ከሳሙና ካርቶን የተቈረጠ ሽፋን ከላይና ከታች አደርግለታለሁ። ከዚያም በክፍቱ ጠርዝ በኩል በወስፌ 5 ቀዳዳ በስቼ፣ ሰም በተቀባ ወፍራም ክር እሰፋዋለሁ። እንዲህ ሲሆን ጽሑፉ ተሸሽጎ 40 ንጹሕ ገጾች ይገኛሉ፤ ወጪውም የክሩ ብቻ ነው።

ይህ ለአገራችን እንግዳ ሥራ አይደለም። አባቶቻችን ብራናውን ፍቀውና አጥፈው፣ ጥራዙን በክር ሰፍተው ከእንጨት ገበታ ጋር ያያይዙ ነበር። ብራና ይህን ያህል ድካም የሚጠይቅ ሲሆን እንኳ፣ በጥንታውያን መጻሕፍት ባዶ ቅጠሎች ላይ ጸሐፊዎች ብርዓቸውን የሞከሩበት ጽሑፍ ይገኛል። እነርሱ በብራና ላይ ሙከራን ካልናቁ፣ እኛ በወረቀት ላይ ስለ ምን እንፈራለን? ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺም ሠዓሊ ትንሽ ደብተር ይዞ እንዲዞርና የሰዎችን አኳኋን በፍጥነት እንዲነድፍ መክሯል።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ርካሽ ወረቀት ቸልተኛ ያደርጋል፤ የውሃ ቀለምም አይችልም» ይሉኛል። የኋለኛው እውነት ነው፤ ስስ ወረቀት በውሃ ይጨማደዳልና ለቀለም ሥራ ወፍራሙ ይሻላል። የፊተኛውን ግን አልቀበልም። ባለፈው ክረምት የእናቴን እጅ ቡና ስትቈላ ዐሥር ጊዜ ሣልሁት። ዘጠኙን አበላሽቼ በዐሥረኛው ጥቂት የሚመስል አገኘሁ። በውዱ ደብተር ቢሆን ኖሮ በሁለተኛው ባቆምሁ ነበር።

ስለዚህ የትምህርት ቤታችን ጽሕፈት ቤት በአንድ ፊት ብቻ የታተመባቸውንና ምስጢር የሌለባቸውን ወረቀቶች ከመጣሉ በፊት በአንድ ሣጥን እንዲያኖርልን በትሕትና እለምናለሁ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፣ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንደ ተባለ፣ እጅም የሚፈታው በመሥራት እንጂ በመጠበቅ አይደለም። ልትሥሉአቸው የምትወዱአቸው ሰዎች ዛሬ በቤታችሁ ሳሉ፣ የማትፈሩትን ደብተር ይዛችሁ አጠገባቸው ተቀመጡ።