ድምፅ ስትሰጡ ምክንያታችሁንም ስጡን

ለኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ የፌዴሬሽን ምክር ቤት አባላት
አዲስ አበባ

ክቡራንና ክቡራት፣

በዚህ አገር ከእናንተ ውሳኔ በኋላ አቤት የሚባልበት ደጅ የለም። የሰበር ሰሚ ችሎት የመጨረሻውን ቃል የተናገረበት ጉዳይ እንኳ ሕገ መንግሥታዊ ጥያቄ ካለበት በሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ በኩል እናንተ ዘንድ ይደርሳል። አንድ ማኅበረሰብ «ማንነቴ ይታወቅልኝ» ሲል፣ ሁለት ክልሎች በወሰን ሲጣሉ፣ ለክልሎች የሚሰጠው ድጎማ የሚከፋፈልበት ቀመር ሲወጣ፣ የፌዴራሉ መንግሥት በአንድ ክልል ጣልቃ ይግባ ሲባል ወሳኞቹ እናንተ ናችሁ። ሕግ ግን አታወጡም። በ1923ቱ ሕገ መንግሥት የተቋቋመው የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት፣ አባላቱን የሚሾመው ንጉሠ ነገሥቱ ቢሆንም፣ ሥራው በሕግ ረቂቅ ላይ መምከር ነበር። የእናንተ ሥራ ከሁሉ በላይ ዳኝነት ነው። የምጽፍላችሁም እንደ ዳኛ ቆጥሬ ነው።

ከዳኛ የሚጠበቀው ምክንያት ነው። የወረዳ ፍርድ ቤት ዳኛ በሁለት ጎረቤታሞች የድንበር ክርክር ላይ ሲፈርድ ለምን እንደዚያ እንደፈረደ ይጽፋል። ከሦስት ዳኞች አንዱ ካልተስማማ የልዩነት ሐሳቡን አስፍሮ ይፈርማል። የተረታው ወገን ያንን አንብቦ ይግባኝ ይላል፤ ይግባኝ ባይል እንኳ ክርክሩ እንደተሰማለት ያውቃል። የእናንተ ውሳኔ ሲወጣ ግን አብዛኛው ሰው የሚሰማው «ምክር ቤቱ በአብላጫ ድምፅ አጸደቀ» የሚል ዜና ነው። የእኔ ብሔረሰብ ተወካይ ምን አለ? ደገፈ ወይስ ተቃወመ? በምን ምክንያት? ይህን ተራው ዜጋ በቀላሉ የሚያገኝበት መንገድ የለም። ልመናዬ አንድ ነው፦ እያንዳንዳችሁ በየጉዳዩ የሰጣችሁት ድምፅ በስማችሁ ይመዝገብ፣ ምክንያታችሁ ይጻፍ፣ የተጻፈውም ለሕዝብ ይድረስ።

ሕገ መንግሥቱ ራሱ ወደዚህ ያደላ ይመስለኛል። አንቀጽ 64 ምልዓተ ጉባኤያችሁን ሁለት ሦስተኛ አድርጎታል፤ በአካል ያልተገኘ አባል ድምፅ ሊሰጥ እንደማይችልም ደንግጓል። ውክልና አይሰራም፣ ከሩቅ መስማማት አይበቃም። ሰውየው ራሱ፣ ሴትዮዋ ራሷ ተገኝተው ክርክሩን እንዲሰሙ የተፈለገው ውሳኔው የየራሳቸው ኅሊና ውሳኔ እንዲሆን ነው። በኅሊና የተሰጠ ድምፅ ደግሞ ስም አለው።

ምክንያት የተጻፈበት ውሳኔ ምን ያህል እንደሚጠቅም ከምክር ቤቱ ታሪክ እናውቃለን። በ1996 ዓ.ም. የተወሰነውን የአንዲት ሴት ጉዳይ አስታውሱ። የውርስ ክርክር ነበር። ሴትዮዋ ጉዳዩ በሸሪዓ ፍርድ ቤት እንዲታይ አልፈቀድኩም ብትልም ፍርድ ቤቱ መቃወሚያዋን አልፎ ፈረደ። ይግባኝ ብትልም፣ እስከ ሰበር ብትሄድም አልተሳካላትም። በመጨረሻ ምክር ቤቱ አንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5ን ጠቅሶ፣ ተከራካሪ ወገኖች ሳይፈቅዱ በሃይማኖት ሕግ የተሰጠ ዳኝነት ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይቃረናል ብሎ ውሳኔውን ሻረው። ያ ውሳኔ ዛሬ በሕግ ትምህርት ቤቶች ይጠናል፤ ጠበቆች ይጠቅሱታል፤ ስለ እምነት ነፃነትና ስለ ሴቶች መብት ሲነሣ ተመልሰን የምናነበው ነው። ምክንያቱ ስለተጻፈ ከአንዲት ሴት ቤት አልፎ የሁላችን ሆነ። ምክር ቤቱ እንዲህ ያሉ ውሳኔዎችን በመጽሔት አሳትሞ ያውቃልና የምጠይቀው ነገር ለእናንተ እንግዳ አይደለም። ልማድ ይሁን ነው የምለው።

ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1995 ዓ.ም.፣ ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ የመጣው የዕጩ ተወዳዳሪዎች ቋንቋ ጉዳይ ተወስኖ ነበር። አጣሪ ጉባኤው የምርጫ ሕጉ ድንጋጌ ሕገ መንግሥቱን ይቃረናል ሲል፣ ምክር ቤቱ ከዚያ የተለየ አቋም ይዞ ድንጋጌውን አጸናው። ሕግ አዋቂዎች ያቀረቡትን ሐሳብ መቀበል ግዴታችሁ አይደለም፤ በዚህ አልወቅስም። ግን የሕግ ባለሙያዎችን ሐሳብ የሚጥል ሰው ከማንም በላይ ምክንያቱን ማስረዳት አለበት። ሌላም ነገር አለ፦ አቤቱታው የተነሣበት ምርጫ የ1992ቱ ነበር። ሰዎቹ መልስ ሲያገኙ ምርጫው ካለፈ 3 ዓመት ሊሞላው ነበር። ሕገ መንግሥቱ አጣሪ ጉባኤው የመራላችሁን ጉዳይ በ30 ቀናት ውስጥ እንድትወስኑ ያዛል።

መዘግየት ሕይወት እንደሚበላም አይተናል። የሲዳማ ዞን ምክር ቤት የክልልነት ጥያቄውን በሐምሌ 2010 ወስኖ አቀረበ። ሕገ መንግሥቱ ለሕዝበ ውሳኔ የሰጠው አንድ ዓመት ሐምሌ 11 ቀን 2011 አለፈ፤ በዚያ ሰሞን በተነሣ ግጭት ሰው ሞተ፣ ንብረት ወደመ። ሕዝበ ውሳኔው የተካሄደው ኅዳር 10 ቀን 2012 ነው። ለመዘግየቱ ብዙ አካላት ድርሻ እንዳላቸው አውቃለሁ፤ ሕዝበ ውሳኔ የማደራጀቱ ኃላፊነትም በሕጉ የእናንተ አይደለም። ሆኖም የብሔር ብሔረሰቦችን መብት ጠብቁ ተብላችሁ የተቀመጣችሁ እናንተ ናችሁና በእነዚያ ወራት አባላቱ የት ነበሩ፣ ምን አሉ ብሎ መጠየቅ የሕዝብ መብት ነው።

በግልጽ መሥራት እንደሚቻል ያየንበት ጊዜም ነበር። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ምርጫው ሲራዘም አጣሪ ጉባኤው የሕገ መንግሥት ምሁራንን ጠርቶ ሲያከራክር በቴሌቪዥን ተላልፎ አገር ሁሉ ተከታተለው። ሰው በየቤቱ ስለ አንቀጽ ቁጥር ተነጋገረ፤ እንዲህ ያለ የሕግ ትምህርት ለሕዝብ ሲሰጥ በዕድሜዬ አላስታውስም። ምክር ቤቱ ሰኔ 3 ቀን ውሳኔውን ሲያጸድቅ 114 ደገፉ፣ 4 ተቃወሙ፣ አንድ ሰው ድምፀ ተአቅቦ አደረገ። እኔ የእነዚያን አራት ሰዎች ሙሉ ሐሳብ ማንበብ እፈልጋለሁ፤ የ114ቱንም እንዲሁ። ከውሳኔው ሁለት ቀን በፊት አፈ ጉባኤዋ ወይዘሮ ኬሪያ ኢብራሂም ሥልጣናቸውን ሲለቁ ምክንያታቸውን በአደባባይ ተናግረዋል። በሐሳባቸው የተስማማም ያልተስማማም ሰው ለምን እንደሄዱ ያውቃል።

አሁን ወደሚከብደው ነገር ልምጣ። ከመካከላችሁ ብዙዎቹ በየክልላችሁ የሥራ አስፈጻሚ ባለሥልጣኖች ሆናችሁ ነው ምክር ቤቱ ውስጥ የምትቀመጡት። የጀርመን የላይኛው ምክር ቤትም የክልል መንግሥታት አባላት የሚቀመጡበት ነው እየተባለ ሲጠቀስ እሰማለሁ። ልክ ነው፤ ግን ጀርመኖች ሕገ መንግሥት የመተርጎሙን ሥራ ለዚያ ምክር ቤት አልሰጡትም፤ በካርልስሩኸ ለተቀመጠ ፍርድ ቤት ነው የሰጡት። ክልሉ ከጎረቤቱ ጋር በወሰን ሲከራከር፣ ወይም በውስጡ ያለ ብሔረሰብ «በክልሉ ተበደልኩ» ብሎ ሲመጣ፣ የክልሉ ባለሥልጣን በዳኝነት ወንበር ላይ ተቀምጦ እጁን ሲያወጣ ባለጉዳዩ ምን ይሰማው ይሆን? ቢያንስ በራሱ ክልል ጉዳይ ላይ ያለ አባል ከድምፅ አሰጣጡ ራሱን ያግልል። መደበኛ ዳኛ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ከዚህ የሚበልጥ መድኃኒትም በሕገ መንግሥቱ ውስጥ ተቀምጧል። አንቀጽ 61 ንዑስ አንቀጽ 3 የክልል ምክር ቤቶች አባላቱን ራሳቸው እንዲመርጡ፣ ወይም ሕዝቡ በቀጥታ እንዲመርጥ እንዲያደርጉ ይፈቅዳል። የመጀመሪያው መንገድ ብቻ ሲሠራበት ኖሯል። አሜሪካም ሴናተሮቿን በክልል ምክር ቤቶች ስታስመርጥ ቆይታ እ.ኤ.አ. በ1913 ሕገ መንግሥቷን አሻሽላ ምርጫውን ለሕዝብ ሰጠች። እኛ ማሻሻል እንኳ አያስፈልገንም፤ አንድ የክልል ምክር ቤት ቢደፍር ይበቃል። ወደ ክልላችሁ ስትመለሱ ይህን ሐሳብ አንሡ፤ ሕዝብ ያወቀው፣ ሕዝብ የመረጠው አባል ምክንያቱን ለመናገር አይፈራም።

ከሁላችሁ ለይቼ ልጽፍላችሁ የምፈልገው ደግሞ አንድ ወንበር ብቻ ያላቸውን ብሔረሰቦች ለምትወክሉት ነው። እያንዳንዱ ብሔረሰብ ቢያንስ አንድ ተወካይ አለው፤ በየአንድ ሚሊዮን ሕዝብ ደግሞ አንድ ይጨመራል። አንድ ሚሊዮን የማይሞላ ሕዝብ ግን ያለው እናንተ ብቻ ናችሁ። በተወካዮች ምክር ቤት ድምፁ በብዛት ይዋጣል፤ እዚህ ግን ማንም ሊያልፈው እንዳይችል ወንበር ተሰጥቶታል። እናንተ ዝም ስትሉ አንድ ሕዝብ በሙሉ ዝም ይላል። ተጨማሪ ወንበር የሚሰላበት የሕዝብ ብዛትም በየ10 ዓመቱ መቆጠር ሲኖርበት የመጨረሻው ቆጠራ የ1999ኙ ነው፤ ቀጣዩ ሲራዘም ያጸደቁት ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው ነው። የድጎማው ቀመርም የሕዝብን ብዛት ይመለከታልና የማንኛው ሕዝብ ድርሻ በአሮጌ ቁጥር እየተለካ እንደሆነ ለመጠየቅ ከእናንተ የቀረበ የለም።

የወልቃይትንና የራያን ጉዳይ ሳላነሣ ብቀር ደብዳቤዬ ጎዶሎ ይሆናል። በጥቅምት 2015 በፕሪቶሪያ የተፈረመው ስምምነት የይገባኛል ጥያቄ ያለባቸው አካባቢዎች ጉዳይ በሕገ መንግሥቱ መሠረት እንዲፈታ ይላል። ሕገ መንግሥቱ ደግሞ በአንቀጽ 48 ክልሎች ካልተስማሙ የሕዝብን አሰፋፈርና ፍላጎት መሠረት አድርጋችሁ፣ ጉዳዩ በቀረበላችሁ በሁለት ዓመት ውስጥ እንድትወስኑ ያዝዛል። ለማን ይፈረድ አልልም፤ በዚህ ጉዳይ ደም የፈሰሰባቸው፣ የተፈናቀሉ፣ በመጠለያ ያሉ ሰዎች በሁሉም ወገን አሉ። ግን ምክንያቱ ያልተነገረ ውሳኔ የትኛውንም ወገን አያሳርፍም። የረታው ነገ ይወሰድብኛል ብሎ ይሰጋል፣ የተረታው ተቀማሁ ብሎ ይኖራል። የአሰፋፈሩ ማስረጃ ምን እንደሚል፣ የሕዝቡ ፍላጎት በምን መንገድ እንደተጠየቀ፣ የተፈናቀለው ሰው ቃል እንዴት እንደተሰማ እያንዳንዳችሁ በስማችሁ ጻፉት።

የተጻፈው ደግሞ ጉዳዩ በሚመለከተው ሕዝብ ቋንቋ ይድረሰው። አማርኛ የፌዴራሉ መንግሥት የሥራ ቋንቋ ቢሆንም አንቀጽ 5 ሁሉም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች እኩል የመንግሥት ዕውቅና እንዲኖራቸው ደንግጓል። ስለ ሲዳማ ስትወስኑ በሲዳምኛ፣ ስለ ስልጤ በስልጥኛ፣ ስለ ራያ በትግርኛም በአማርኛም አትሙት፤ በአካባቢው ሬዲዮም ይነበብ። ወጪው ትንሽ ነው፤ የተርጓሚዎችና የጥቂት ገጾች ኅትመት ነው። ይህን በሚቀጥለው መደበኛ ስብሰባችሁ ላይ በአጀንዳ አስይዛችሁ እንድትወስኑበት በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አክባሪያችሁ፣
አንድ የአገሪቱ ዜጋ