የዕጢው ማነስ መዳን አይደለም



ስለ ነቀርሳ (ካንሰር) በየመሥሪያ ቤቱ ስንነጋገር አስቀድመን የምንጠይቀው «ዕጢው ምን ያህላል?» ብለን ነው። መድኃኒት ተሰጥቶ ዕጢው ሲያንስም «ተመስገን፣ ዳነ» እንላለን። እኔ ግን ከመጠኑ ይልቅ በውስጡ ያሉት ሕዋሳት ጠባይ ሊታወቅ ይገባል እላለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰውነታችን ውስጥ ራሳቸውን እየተኩ ሌሎች ሕዋሳትን የሚያስገኙ፣ ስቴም ሴል የሚባሉ እናት ሕዋሳት አሉ። እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1994 ዓ.ም. በካናዳ፣ በቶሮንቶ ከተማ፣ ጆን ዲክ የተባሉት ሊቅና ባልደረቦቻቸው በአንድ ዓይነት የደም ነቀርሳ ውስጥ ይህን የመሰለ ጠባይ ያላቸው ጥቂት ሕዋሳት እንዳሉ፣ ወደ አይጥ ሲዛወሩ በሽታውን የሚያስነሡትም እነዚሁ እንደ ሆኑ አሳዩ። በ2003 ደግሞ በአሜሪካ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ከጡት ነቀርሳ ተመርጠው የተወሰዱ 100 ያህል ሕዋሳት በአይጥ ላይ ዕጢ ሲያበቅሉ፣ የቀሩት ግን በአሥር ሺህ የሚቈጠሩ ሆነው ሳሉ ተሳናቸው። በ2008 በወጣ ጥናትም ፈጥነው በሚከፉት ዕጢዎች ውስጥ የፅንስን ስቴም ሴል የሚመስል ጠባይ ተገኘ።

ይህ እንደ ሰርዶ ነው። ላዩን ቢያጭዱት ሥሩ ከቀረ በዝናብ ጊዜ ተመልሶ ይለመልማል። መድኃኒቱ ፈጥኖ የሚባዛውን ሕዋስ ሲገድል ዕጢው ያንሳል፤ መድኃኒቱን የሚቋቋሙ ጥቂቶች ከተረፉ ግን በሽታው ሊያገረሽ ይችላል።

እርግጥ ሊቃውንቱ በሁሉም ነገር አልተስማሙም። በዚያው በ2008 በሌላ ጥናት፣ ሜላኖማ ከተባለው የቆዳ ነቀርሳ ሕዋሳት ከ4 አንዱ ያህል ዕጢ ማብቀል እንደሚችል ታይቷል። ይህ ግን አሳቤን ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም፤ ቅሪቱ ትንሽ ነው ተብሎ የማይናቅ መሆኑን ያስረዳልና።

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ እብጠቱ በእጅ ሲዳሰስ ስለ ጠፋላቸው የቀረውን መድኃኒት ትተው ነበር፤ በዓመቱ ሕመሙ ብሶ ተመለሰ። ለምን መቀጠል እንዳለባቸው ያስረዳቸው ሰው አልነበረም።

ስለዚህ ሐኪሞቻችን የምርመራውን ውጤት በሽተኛው በሚገባው ቋንቋ ይግለጡለት። የየመሥሪያ ቤቱ አለቆችም ሕክምናውን እስኪፈጽም ፈቃድ አይንፈጉት። በሽተኛውም ዕጢው አነሰ ብሎ ሐኪሙን ሳያማክር አያቋርጥ።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከአዲስ አበባ