የማይሰማ አለቃ

መልካም የሥራ ልማድ እንደ ጥሩ ግንብ ነው፤ ብዙ ሰዎች በብዙ ዘመን ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየደረደሩ ይሠሩታል። ነገር ግን ብዙዎች የሠሩትን አንድ የማይሰማ አለቃ በጥቂት ጊዜ ያፈርሰዋል።

አንዳንድ ሰዎች፥ «ሠራተኞቹ መልካሞች ከሆኑ የአለቃው ጕድለት ምን ይጐዳል?» ይላሉ። ይህ አሳብ ትክክል አይደለም። ጕድለትን አይቶ የተናገረ ሠራተኛ ቢገሠጽ ሁለተኛ ጊዜ ዝም ይላል፤ ባልንጀራውም ያንን አይቶ ዝምታን ይማራል። እውነት ተናጋሪው ሲዋረድ፥ አለቃውን የሚያሞግሰው ሲሾም፥ ሥራው ቀስ በቀስ ይበላሻል። ስለዚህ አባቶች «ዓሣ ግማቱ ከአናቱ» ብለው ተናገሩ።

ለዚህ ነገር በአሜሪካ አገር የሆነው ምስክር ነው። ሰዎችን ወደ ጠፈር የሚልኩ መሐንዲሶች አንድ መልካም ልማድ ነበራቸው፤ ይኸውም መንኰራኵር ደኅና መሆኗ ሳይረጋገጥ እንዳትነሣ ነው። በ1978 ዓመተ ምሕረት ቻሌንጀር የተባለችው መንኰራኵር በምትነሣበት ዋዜማ ብርቱ ብርድ ሆነ። በሮኬቱ መጋጠሚያ እሳት እንዳያመልጥ የሚዘጋ የጎማ ቀለበት ነበረ። ጎማው በብርድ እንደሚደርቅ ያወቁ መሐንዲሶች «ነገ አትነሣ» ብለው አስጠነቀቁ። በረራውን የሚመሩት ሹማምንት ግን በዚህ ምክር ተቈጡ። በዚያችም ሌሊት ልማዱ ተገለበጠ፤ መሐንዲሶቹ ደኅንነቷን ሳይሆን አደጋዋን እንዲያስረዱ ተጠየቁ። አለቆቻቸውም ሹማምንቱን ደስ ለማሰኘት የራሳቸውን ሰዎች ምክር ትተው ፈቀዱ።

በማግሥቱ፥ ጥር 20 ቀን፥ መንኰራኵሯ በተነሣች በ73 ሴኮንድ በአየር ላይ ተሰባበረች። በውስጧ የነበሩት 7 ሰዎች ሁሉ ሞቱ። ከእነርሱም አንዲቱ የትምህርት ቤት መምህርት ነበረች፤ ብዙ ተማሪዎችም በቴሌቪዥን ይመለከቱ ነበር።

መሐንዲሶቹ ዕውቀት አላነሣቸውም፤ መናገርንም አልፈሩም። የታጣው የሚሰማ አለቃ ነው።

እንግዲህ አለቅነት ማዘዝ ብቻ አይደለም፤ ከበታች ያለውን ሰው እውነት መስማት ነው፥ ይልቁንም እውነቱ ደስ የማያሰኝ ሲሆን። ዛሬ በክፍሉ አለቃ የሆነ ልጅ «ተሳስተሃል» የሚለውን ባልንጀራውን ማመስገን ይልመድ፤ ነገ የብዙ ሰዎች ሕይወት በእጁ ሲሆን ይህ ልማድ ይጠቅመዋልና።